የሰው ክር አይነካም

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላይ እንስማማ፣ እኔ ጂኒ፣ ቆሌ፣ የሙት መንፈስ ምናምን በሚባል ነገር አምኜ አላውቅም፣ ዛሬም አላምንም። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ብዙ አንብቤያለሁ፣ ብዙም ሰምቻለሁ፣ ሁልጊዜም ተራኪው ወይ ርቦት ነበር፣ ወይ ጠጥቶ ነበር፣ ወይ ከሚያወራለት ሰው የሚፈልገው ነገር ነበረው። የእኔንም በዚሁ ሚዛን መዝነው፣ አልቀየምህም። ምሳዬን በልቼ ነበር፤ መጠጥ ከጨጓራዬ ጋር ከተጣላን ወዲህ አልደርስበትም፤ ከአንተ ምን እንደምፈልግ ደግሞ መጨረሻው ላይ እነግርሃለሁ።

ነገሩ የሆነው ኮንዶሚኒየም ደርሶኝ ገላን በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ያን ጊዜ ሕንፃችን ላይ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣለች፣ መብራት እንደ ፈቃዱ ነው፣ የአንድ ለአምስት ስብሰባ ግን አንድም ቀን ተቋርጦ አያውቅም። እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ሥራዬ መጻፍ ነው። ምድር ላይ ሸምሱ የሚባል የስልጤ ልጅ ሱቅ አለው፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከፈትል ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፣ ከእሳቸው በር ፊት ለፊት ደግሞ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው፣ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ከሚስቱ ከዘይነባ ጋር ይኖር ነበር። «ይኖር ነበር» ያልኩት ሆን ብዬ ነው።

ጋሽ ደምሴና ሰይድ እሁድ እሁድ ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ሳቅ ካማረህ ሳቅ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ፣ ግን አባ ሳሙኤል ግድብ ድረስ ብትወርድ ታየዋለህ፤ ከተማው የታጠበበትን ሁሉ ተቀብሎ ዝም ብሎ የሚተኛ ውሃ ነው፣ ዳርቻው እስከ ጉልበት የሚውጥ ጥቁር ጭቃ ነው፣ እዚያ ጭቃ ላይ አምባዛ የሚባለው ጢማም ዓሣ ሆዱን ለጥፎ ይውላል። እነሱ ጀልባ የላቸውም፣ መረብ የላቸውም። ረጅም የናይለን ክር ጫፍ ላይ መንጠቆ ይታሰራል፣ እንዲሰምጥ የመኪና ዳዶ ይጨመርበታል፣ መንጠቆው ላይ ቁራጭ ጉበት ይሰካል፣ አሽከርክረህ ትወረውረውና የክሩን ሌላ ጫፍ ጭቃው ላይ ከተከልከው ዘንግ ጋር ታስረዋለህ። ዘንጉ ጫፍ ላይ የሚንኳኳ ነገር ታንጠለጥላለህ፣ ከዚያ ቁጭ ብለህ ወሬህን ታወራለህ፣ ዓሣው ሲጎትት ዘንጉ ራሱ ይጠራሃል።

ታዲያ እያንዳንዱ አጥማጅ የራሱ ድምፅ አለው። የጋሽ ደምሴ ጠጠር ያለበት ጣሳ ነው፣ የሰይድ ሦስት ቆርኪና አንድ አሮጌ የመኪና ቁልፍ ነበር። ጉም ቢሆን፣ ዓይንህን ጨፍነህ ብትተኛ፣ የማን ክር እንደተያዘ በድምፁ ታውቃለህ። ሕግም አላቸው፣ አንድ ሕግ ብቻ፤ የሰው ክር አይነካም። ጓደኛህ ራቅ ብሎ ቢሆን ትጠራዋለህ እንጂ አትስብለትም፣ ዓሣው ካመለጠም ያመልጥ። እዚያ ውሃ ዳር የተነሳ ጠብ ሁሉ የሰው ክር ከመንካት የተነሳ ነው ይላሉ።

አንድ እሁድ ሁለቱ አብረው ሄደው ጋሽ ደምሴ ብቻቸውን ተመለሱ። የሰይድ የላስቲክ ቦት ጫማ ጭቃው ዳር ተገኘ፣ ሰይድ አልተገኘም። ፖሊስ መጣ፣ ዋናተኛ መጣ፣ ሦስት ቀን ተፈለገ፣ ውሃው የወሰደውን አልመልስ አለ። የአንድ ለአምስቱ ሰብሳቢያችን ጉዳዩን ደብተሩ ላይ «የፀጥታ ችግር» ብሎ መዘገበው፣ በእሱ በኩል አለቀ። ዘይነባ ዘንድ ግን ምንም አላለቀም። ጎረቤት ለቅሶ ተቀመጪ ሲላት «ሬሳው የታለ?» ትላለች፣ ደረጃ ላይ ጋሽ ደምሴን ባገኘቻቸው ቁጥር ደግሞ አቁማ «ሌላ የሚነግሩኝ የለም?» ትላቸዋለች፣ እሳቸውም ደረጃውን ደረጃውን እያዩ «የለም ልጄ» ይላሉ።

ሕንፃው ፈረደባቸው። ዋናው ፈራጅ ሸምሱ ነበር፤ ሁለቱ ሳሪስ ሰፈር ሳሉ ጀምሮ ሰይድ ደንበኛውና ወዳጁ ነበር።

«ጋሼ፣ ሁለት ሰው ሄዶ አንድ ሰው ሲመለስ ማን ነው የሚጠየቀው?» አለኝ አንድ ቀን ሳሙና እያቀበለኝ።

«ፖሊስ ጠይቆ ለቀቃቸው እኮ።»

«ፖሊስ ምን አየህ ብሎ ነዋ የጠየቃቸው! ምንም አላየሁም አሉ፣ አለቀ። ዓይናቸው ለምን ይሸሻል ታዲያ? አንተ ይሄን ሁሉ መጽሐፍ አንብበህ የሰው ዓይን ማንበብ አቃተህ?»

ልንገርህ፣ እኔ ሰው ሁሉ ባንድ ድምፅ የሚያምነውን ነገር መጠርጠር ልማዴ ነው፣ ብዙ ወዳጅ ያጣሁበት ልማድ ነው፣ እና ሕንፃው ሽማግሌውን ሰላም ማለት ሲተው እኔ ደረጃው ላይ ጮክ ብዬ «እንደምን ዋሉ ጋሽ ደምሴ!» ማለት ጀመርኩ። ስምንት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ ቅዳሜ ግን በሬን አንኳኩ።

«አንተ ጸሐፊው፣ ነገ ከእኔ ጋር ውሃ ትወርዳለህ?»

«እኔ? ዓሣ ማጥመድ መች አውቃለሁ?»

«ስለማታውቅ ነው የጠራሁህ» አሉና ወረዱ።

በዚያች ደቂቃ፣ እመነኝ፣ ስምንት ወር የተከራከርኩላቸውን ሰው መጠርጠር ጀመርኩ።

እሁድ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደረስን። ፀሐይ ወደ ፉሪ ተራራ አዘንብላለች፣ ነፋስ የለም፣ ውሃው እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት ፊቱ ቆዳ ይዟል፣ ከእኛ በቀር ሰው የለም። ሽማግሌው ሁለት ዘንግ ነው የያዙት። አንዱ ላይ ጣሳው ተንጠልጥሏል፣ ሌላው ላይ ሦስት ቆርኪና ቁልፍ።

«ይሄ የሰይድ አይደለም?»

«የእሱ ነው። ቦታውን እየጠበቅሁለት ነው።»

የሰይድን ክር ወረወሩት፣ ባዶ መንጠቆ ነው፣ ጉበት አላደረጉበትም። እኔ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ፣ ምትሃተኛ ፊት እንደተቀመጠ ተመልካች ዘንጉን ዞርኩት፣ ቆርኪዎቹን ነካካሁ፣ ሌላ ስውር ክር ይኖራል ብዬ ጭቃውን በእጄ ዳሰስኩ።

«ፈትሽ፣ ፈትሽ» አሉ ጋሽ ደምሴ እየሳቁ፣ «ፖሊሱም እንዳንተ አልፈተሸኝም።»

የሚያስቀው ደግሞ አንድ ነገር ማግኘቴ ነው። ከሰይድ ዘንግ አጠገብ የባዶ እግር ኮቴ ነበር፣ አንድ ብቻ፣ ውስጡ ውሃ ቀስ እያለ እየሞላው፣ ጣቶቹ ወደ ውሃው ሳይሆን ወደ እኛ የዞሩ። ቶሎ የሽማግሌውን እግር አየሁ፣ ቦት አድርገዋል። ስንመጣ ነበር ወይስ አልነበረም? አላየሁም ነበር። ጋሽ ደምሴም አንድ ጊዜ አይተውት ፊታቸውን መለሱ።

ጣሳው ጮኸና ጋሽ ደምሴ አንድ አምባዛ ጎትተው አወጡ፣ የክንድ ያህል፣ ከጭቃው ሲወጣ እየተገላበጠ፣ ክሩን ግራና ቀኝ እያራገበው። ይህን የምነግርህ የአምባዛ አጎታተት ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ በዓይኔ ማየቴን እንድታውቅልኝ ነው። ከዚያ በኋላ ጸጥ አለ፤ ሸምበቆው ውስጥ ሲንጫጩ የነበሩት ወፎችም ተዉት፣ ፀሐይዋ ተራራው ላይ ተቀመጠች።

የሰይድ ቁልፍ ቆርኪውን መታ።

ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ ዘግይቶ። ቆመ። ደግሞ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ ዘግይቶ። የሽማግሌው ሁለት እጆች ጉልበታቸው ላይ ነበሩ፣ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው።

«ሰማህ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«ሰማሁ።»

«ተመስገን። እኔ ብቻ የምሰማው መስሎኝ ነበር።» ወደ እኔ ጠጋ አሉ። «ያን ቀን ሰይድ እንጨት ልቁረጥ ብሎ ከሸምበቆው ኋላ ሄደ። ክሩ ጮኸ። ሰይድ፣ ክርህ! ብዬ ተጣራሁ፣ መልስ የለም። እንደገና ጮኸ፣ ብዙ ጮኸ። ከእጄ አንድ ክንድ አይርቅም ነበር፣ አንድ ክንድ። የሰው ክር አይነካም ብዬ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ዝም አለ። ሄጄ ሳይ ጫማው ብቻ ቆሟል።»

«ይሄን ለፖሊስ ለምን አልነገሩም?»

«ምን አየህ ነው ያለኝ። ምን ሰማህ ያለኝ የለም። ለእሷስ ምን ብዬ ልንገራት? ባልሽ ክር ይዞ ሲለምነኝ ቁጭ ብዬ ሰማሁት ልበላት? ዓሣ ከሆነ ዓሣ ነው፣ እነግራታለሁ። እሱ ከሆነ ግን...» አልጨረሱትም። «እኔ እጄ እምቢ አለኝ። አንተ አጥማጅ አይደለህም፣ ሕጉ አይይዝህም። ሳበውና ምን እንደሆነ ንገረኝ።»

ይህን ብለው ጀርባቸውን ለውሃው ሰጡ።

ክሩን ከዘንጉ ፈትቼ እጄ ላይ ጠመጠምኩና ሳብኩ። የሚራገብ ነገር የለም፣ ግራና ቀኝ የሚሮጥ የለም። ከባድ ነው፣ እና ዝም ብሎ ይዟል። እንጨት ይሆናል አልኩ፣ ጎማ ይሆናል አልኩ፣ ያ ውሃ የማይዘው ነገር የለም። ያን ጊዜ መዳፌ ውስጥ መጣ፣ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ ዘግይቶ፣ ጉተታ አይደለም፣ እንዴት ልበልህ፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ በትዕግሥት። ጠበቅ አድርጌ ሳብኩ፣ ጠበቅ አድርጎ ሳበኝ፣ ቦት ጫማዬ እስከ አንገቱ ጭቃ ገባ። ከዚያ ክሩ ላላ። እፎይ ልል ስል የላላበት ምክንያት ገባኝ፤ ውሃው ላይ የአረፋ መስመር እየተነሳ ነበር፣ ወደ እኛ፣ ሰው በሚራመድበት ፍጥነት።

የጉበቱን ቢላ አንስቼ ክሩን ቆረጥኩት።

«አምባዛ ነው ጋሼ» አልኩ፣ «ትልቅ አምባዛ። ክሩን በጥሶት ሄደ።»

ጋሽ ደምሴ ዞሩ። አረፋው የለም፣ ውሃው ቆዳውን መልሶ ለብሷል። ከእጄ ላይ የቀረውን ክር ተቀበሉኝና ጫፉን በሁለት ጣታቸው ያዙት፣ ረጅም ጊዜ አሹት። ናይለን ተጎትቶ ሲበጠስ ጫፉ ነጣ ብሎ ይጠቀለላል፣ በቢላ ሲቆረጥ ግን ልክ ሆኖ ይቀራል፤ እኔ ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፣ እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ የኖሩ ሰው ናቸው።

«አዎ» አሉ በመጨረሻ። «አምባዛ ነው።»

ዘንጉን ነቀሉ፣ ክሩን ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ሕንፃችን እንደገባን የዘይነባን በር አንኳኩና ሁሉንም ነገሯት፤ ክሩ መጮኹን፣ አለመንካታቸውን፣ ዓሣ መሆኑን፣ «ጸሐፊው ምስክሬ ነው፣ በእጁ ይዞ አረጋግጧል» አሏት። እሷ ወደ እኔ ዞረች። እኔም አዎ አልኩ። ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተችና ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፣ በማግስቱ ድንኳን ተተከለ። ሸምሱ ራሱ ውሃ በካርቶን ተሸክሞ መጣ፣ ሽማግሌውን ጨበጣቸው፣ ሰው ሰላም ይላቸው ጀመር። እኔ ድንኳኑ ውስጥ እንደ ትልቅ ሰው ተከብሬ ተቀመጥኩ።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ደስ ባለኝ።

ከሳምንት በኋላ ሸምሱ ሱቅ ዳቦ ልገዛ ወረድኩ። እሱ ከባንኮኒው ሥር አጎንብሶ ሣጥን ይከፍታል፣ እኔ ቆሜ ስጠብቅ፣ በቁልፌ መስታወቱን እየነካካሁ ነው መሰለኝ፣ ሳላስበው።

«ሰይዶ?» አለ ሸምሱ ከታች፣ ደስ ብሎት። «መጣህ?»

ብድግ ብሎ አየኝ። የያዘው ብስኩት ከእጁ ወደቀ።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን አስተማረህ?»

«ምኑን?»

«እንዲህ ማንኳኳቱን! ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ ቆይቶ። ሳሪስ ሳለን ጀምሮ እንዲህ አድርጎ በቁልፉ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው።»

ዳቦውን ሳልይዝ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ያልጠረጠርኩት የለም። ሸምሱና ሽማግሌው ተማክረውብኝ ነው ብዬ ነበር፣ ግን እስከ ድንኳኑ ቀን ድረስ ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም። ሰይድ በሕይወት ሳለ ሱቁ በር ላይ ሲያንኳኳ ሰምቼው፣ ጆሮዬ አስቀምጦት ኖሮ፣ ክሩን ስይዝ መዳፌ ያንን አስታውሶ ይሆናል፤ ይህ ጥሩ ማብራሪያ ነው፣ እኔም የምደገፈው እሱን ነው፣ ችግሩ ከወዲያኛው ጫፍ የነበረው መዳፍ የእኔ አለመሆኑ ነው። ጋሽ ደምሴን ደረጃ ላይ ሳገኛቸው ሰላም ይሉኛል፣ አሁን ዓይኑ የሚሸሸው የእኔ ነው። እሳቸው ቁጭ ብለው ሰሙ፤ እኔ ግን ቢላ አነሳሁ።

ከአንተ የምፈልገውን እነግርሃለሁ ብዬህ ነበር። ትልቅ ነገር አይደለም። አምባዛ ነው በለኝ። ባታምንበትም ግድ የለም፣ ጋሽ ደምሴ ክሩን እያሹ እንዳሉት አድርገህ በለው።