የደንበኛው ድምፅ

«ደንበኛው ራስዎ ነዎት?» አለች በስልኩ ውስጥ ያለችው ሠራተኛ።

ልጁ አጎቱን አየ። አጎቱ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አገጩን ወደ ፊት ገፋ፤ «በል እንጂ!» ማለቱ ነው።

«አዎ፣ ራሴ ነኝ» አለ ልጁ።

ድምፁ ከሆዱ ነው የወጣው። ዘንድሮ ድንገት ስለጎረነነ የክፍል ጓደኞቹ «ጎርናናው» የሚል ስም አውጥተውለታል። ስልክ ሲያነሳ ዘመድ ሁሉ ይደነግጣል። ቁርጥ የአባቱ ድምፅ ነዋ! አባቱ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ልጁ ሰው ባለበት ብዙ አይናገርም።

ነገሩን ያመጣው ኢንተርኔቱ ነው። እናቱ ቤት ሆና በቪዲዮ ሒሳብ ታስጠናለች። ስሌቱ መሃል ስትደርስ ግን ምስሏ አፏን እንደከፈተች ደርቆ ይቀራል። ተማሪዎቹ ይስቃሉ፤ ወላጆቻቸው ግን አይስቁም፤ አንዳንዶቹም ሌላ አስጠኚ ፈልገዋል። አንድ አዲስ ኩባንያ ደግሞ ፈጣን መስመር ባነሰ ዋጋ እሰጣለሁ ይላል፤ ቅናሹ የሚያበቃው ዛሬ ነው። ችግሩ፣ የድሮው ኩባንያ መስመሩን ካልለቀቀ አዲሱ መግባት አይችልም። የድሮው የሚለቀው ደግሞ ውሉን የፈረመው ሰው ራሱ ደውሎ ሲጠይቅ ነው። የፈረመው አባቱ ነው።

ያ ካልሆነ የሞት ማስረጃ ይቅረብ ይላል ደንቡ። እናቱ ማስረጃውን ለማውጣት ደጋግማ ለብሳ ወጥታ ከመንገድ ተመልሳለች። «ዛሬ መንገዱ ተጨናንቋል» ትላለች፤ ማንም ምክንያቱን ሳይጠይቃት። እዚህ ቤት «ሞተ» የሚለው ቃል ተነግሮ አያውቅም። «ያን ጊዜ» ይባላል፣ «እሱ እያለ» ይባላል፣ በቃ።

ብልሃቱ የአጎቱ ነው። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ሲባል አልሰማህም? ነባር ደንበኛ ናችሁ እያሉ ይግጧችኋል። ደውልና እሱ ነኝ በላቸው፤ ድምፅህ እንደሆነ የአባትህ ነው። ማን ይጎዳል?»

ልጁ አሰበ፤ ማንም የሚጎዳ አልመሰለውም። እናቱ ጓዳ ዕቃ እያጠበች ስለነበር አልነገሯትም።

ሠራተኛዋ ስም ጠየቀች፤ ነገራት። የትውልድ ቀን ጠየቀች፤ እሱንም ነገራት።

«ይህን ሁሉ ዓመት አብረውን ኖረው አሁን ምን አስቀየምንዎት?» አለችው።

ይህን አጎቱ አላስጠናውም። ልጁ አባቱ ቢሆን ምን ይል ነበር ብሎ አሰበ፤ መልሱም ሳይጠራው መጣለት።

«ኧረ እህቴ፣ ፍቅራችንስ አላለቀም፤ ያለቀው ትዕግሥታችን ነው!» አለና ልክ አባቱ እንደሚስቀው ሳቀ።

ጓዳ ውስጥ የቧንቧው ውሃ ተዘጋ።

እናቱ እጇ እስከ ክርኗ አረፋ እንደሆነ በሩ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ በርቶ ነበር። ዓይኗ ሶፋውን ዞረ፣ ወንድሟን አለፈ፣ ከዚያ ስልክ ጆሮው ላይ የለጠፈው ልጇ ላይ አረፈ። ያን ጊዜ የፊቷ ብርሃን እልም አለ። ልጁ አባቱን በገዛ አፉ እንደገና የገደለባት መሰለው።

«ሃሎ? ይሰማዎታል? ‹እስማማለሁ› ይበሉኝና ውሉን እንዝጋ።»

አጎቱ «ቶሎ በላ!» እያለ በእጁ አጣደፈው። አንዲት ቃል ናት የቀረችው። እሷን ካለ ነገ ፈጣን መስመር ይገባል፤ የእናቱም ሥራ ይተርፋል።

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ እህቴ» አለ ልጁ። ድምፁ መሃል ላይ ተሰበረ። «እኔ ልጁ ነኝ። ዋሽቼሻለሁ። አባቴ... አባቴ ሞቷል።»

አጎቱ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከሠራተኛዋ ጀርባ የሌሎች ሰዎች ወሬ ይሰማል።

«እግዜር ያጥናችሁ፣ ወንድሜ» አለች በመጨረሻ። «ግን ማስረጃው ካልመጣ መስመሩን መልቀቅ አልችልም።»

ቅናሹ እንግዲህ አመለጣቸው። ልጁ ይህን ለእናቱ እንዴት እንደሚነግራት እያሰበ ቀና ሲል አጠገቡ መጥታ ተቀምጣለች። እርጥብ እጇን ዘርግታ ስልኩን ወሰደችበት።

«ሃሎ፣ ሚስቱ ነኝ» አለች። «ባለቤቴ ሞቷል። ማስረጃውን ነገ አወጣለሁ። ወዴት ነው የማመጣው?»

የተነገራትን ሰምታ ስልኩን ዘጋች።

«ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት ልጁ።

ትምህርት አለህ አላለችውም።