የ1969ኙ ጠርሙስ

ሬሳው ምንጣፉ ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ከአፉ የወጣው አረፋ ከቀዩ ወይን ጋር ተደባልቆ ደርቋል። መቶ አለቃ አባይነሽ አልደነገጠችም፤ በ1970 ዓመተ ምሕረት ሬሳ የሚያስደነግጠው ፖሊስ አልነበረም። ያስገረማት ሌላ ነው። ከጠረጴዛው ሦስት ሰው ጠጥቷል፤ የሞተው አንድ ብቻ ነው።

ቤቱ ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ባሕር ዛፍ ውስጥ ነው። የፊታውራሪ ተክለጻድቅ ነበር። እሳቸው በ67 ሲረሸኑ የከፍተኛው ሊቀመንበር ጓድ ገረሱ ገባበት። ምድር ቤቱን ሲከፍት ባንዶል የሚባል የደቡብ ፈረንሳይ ቀይ ወይን በመደዳ ተጋድሞ አገኘ። እነሆ አሁን እሱም ተጋድሟል።

«ገዳዩ ሲሞን ነው፣ ቀጂው» አለ ጎበና፣ የገረሱ ምክትል። ሬሳው ሳይነሣ የሊቀመንበሩን ማኅተም ከሟቹ ኪስ አውጥቶ የራሱ ኪስ ውስጥ ከቶታል። ሰው ሲሞት ማኅተሙ አይሞትም። «እስከ አስር ሰዓት ይረሸናል።»

«እንግዲያው ትእዛዙን በጽሑፍ ይስጡኝ።»

«ለምን?»

«ያለ ወረቀት ሰው አስረሽኜ ነገ እኔ ልጠየቅ? ‹የጓድ ገረሱ ገዳይ ሆኖ በተገኘው ላይ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰድ› ይበሉ። የስሙን ቦታ ክፍት ይተዉልኝ፤ ቃል ተቀብዬ ስጨርስ እሞላዋለሁ።»

ጎበና ሳቀ። «የፖሊስ ነገር! ወረቀት ካልበላችሁ አትጠግቡም።» ጻፈ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙን ረገጥ አድርጎ መታ። የአብዮት ጥበቃው አለቃ ቱሉ በር ላይ ቆሞ ያያል።

ሲሞን ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ድሮ በሆቴል ወይን ቀጂ ነበር።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ» አለችው።

«ጓድ ገረሱ እሁድ እሁድ ያስቀምሳል፤ አሮጌና ወጣት ጎን ለጎን። ጠርሙሱን በጨርቅ ጠቅልዬ ነው የማቀርበው። ቀማሹ ዓመቱን ሳይገምት አይገለጥም። ዛሬ ጠርሙሱ ሳይገለጥ ሰውየው ሞተ።»

«ዓመቱን ለማን ተናገሩ?»

«ለማንም! ከተናገርኩማ ጨዋታው ምኑን ጨዋታ ሆነ?»

«ታዲያ እሱ ብቻውን እንዴት ሞተ?»

«አሮጌውን አይነካማ። ‹አሮጌው ለአድኃሪ፣ ወጣቱ ለአብዮተኛ› ነው የሚለው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ከወጣቶቹ የቀረችው አንዲት ጠርሙስ ነበረች፤ ለብቻው ቀዳሁለት። ወጣቱ ምላስ ይነክሳል፣ እንደ ጌሾ ነው። መራራነቱን እያደነቀ ጨለጠው።»

«ቡሹስ?»

ከሽርጡ ኪስ አወጣላት። ወደ መስኮቱ ይዛ አየችው። ከመፍቻው ቀዳዳ አጠገብ ሌላ ቀጭን ቀዳዳ አለ፤ ወይኑ በዚያ ሰርጎ ቀይ ክር ሠርቷል። ጠርሙሱን ለብቻዋ ገልጣ አየችው፤ መልሳ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

የፊታውራሪው ልጅ ለተጊዮርጊስ ሳሎኑ ጥግ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች።

«አባቴን ያስገደለው እሱ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «በየእሁዱ እየጠራ የአባቴን ወይን ያጠጣኛል። ‹አባትሽ ስንት ዓመቱ ነው?› ይላል፣ ጠርሙሱን ማለቱ ነው። ከሳትኩ እስኪያለቅስ ይስቃል።»

«ዛሬስ ሳትሽ?»

«አልሳትኩም። የደረቀ በለስና የቆዳ ሽታ አለው፣ አተላውም ወፍራም ነው። በፈረንጅ 1952፣ የተወለድኩበት ዓመት። እኔና ጎበና ከዚያ ነው የጠጣነው።»

«ገረሱን ገደልሽው?»

«ብገድለው ኖሮ አልክድዎትም ነበር።»

«ጎበናስ ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ያ መርፌ ወጊ? ትናንት እዚሁ ጫካ ላይ ላም ሲከትብ ነበር። ዛሬ ሊቀመንበር!»

አባይነሽ ወጣችና ቱሉን በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። ቱሉ ቁልቁል ሮጠ።

ዘጠኝ ተኩል ላይ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ሬሳው በአንሶላ ተሸፍኗል።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ጎበና። «ማስረጃው ጠርሙሱ ነው! 1969 ይላል። ፊታውራሪው በ67 ሞቷል። የሞተ ሰው የአምና ወይን ምድር ቤት ያስቀምጣል? ሲሞን ነው መርዞ ያስገባው።»

ለተጊዮርጊስ አጭር ሳቅ አመለጣት።

«ጓድ ጎበና» አለች አባይነሽ፣ «ፈረንጅ በሰባት ስምንት ዓመት ይቀድመናል። የእነሱ 1969 የእኛ የ62 መባቻ ነው። ጠርሙሱን ያስገቡት ፊታውራሪው ራሳቸው ናቸው። እስከ ዛሬ የተገለጡት ሁሉ ከ67 በታች ስለነበሩ ልብ አላሉትም።»

«ተሳሳትኩ። መሳሳት ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ጠርሙሱ ከጨርቁ አልወጣም። ሲሞን ለማንም አልተናገረም። የገለጥኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ያለውም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። እርስዎ 1969ን የት አነበቡት?»

ጎበና ጣቱን ወደ ሲሞን ቀሰረ። «ሲሞን ነገረኝ» አለ።

«እሱ ቢነግርዎት የፈረንጅ መሆኑንም ይነግርዎት ነበር። ለተጊዮርጊስም ታውቃለች። ከዚህ ቤት ይህን የሚሳሳት አንድ ሰው ነው፣ ምድር ቤት ወርዶ ቁጥሩን ብቻውን ያነበበ። ወጣቷን የመረጡት ገረሱ ብቻ ስለሚጠጣት፣ ምሬቷም መርዙን ስለሚሸፍን ነው። ቁጥሩን ሲያዩ ደግሞ ሲሞንን የምሰቅልበት ገመድ አገኘሁ ብለው ደስ አለዎት። ቱሉ፣ ያመጣኸውን አሳይ።»

ቱሉ ከጎበና ቢሮ መሳቢያ ያወጣውን የከብት መርፌ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አባይነሽ መርፌውን ቡሹ ላይ ባለው ቀጭን ቀዳዳ ሰደደችው። እንደ ቁልፍ ገባ።

ጎበና ቀበቶውን ከፍ አደረገ። «እሺ፣ ማን ይነካኛል? ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ! ጥበቃውም የእኔ ነው!»

አባይነሽ ቦርሳዋን ከፈተች። ወረቀቱን ዘርግታ ክፍቱ ቦታ ላይ ስሙን እስከ አባቱ በቀስታ ጻፈች፤ ለቱሉ ሰጠችው። ቱሉ ፊደል እየቆጠረ አነበበ። ሲጨርስ ቀና አለ።

«ማኅተሙ የእርስዎ ነው፣ ጓድ። ፊርማውም። ሲፈርሙ አይቻለሁ።»

«ቱሉ! እኔ ነኝ እኮ ሥራ ያስያዝኩህ!»

«ትእዛዝ መፈጸም ነው ያስተማሩኝ» አለ ቱሉ፣ ክንዱን ያዘው።

ጎበና እስከ ባሕር ዛፉ ድረስ እየተሳደበ ሄደ፤ ከዚያ ወዲያ መለመን ጀመረ። ሁለት ጥይት ተሰማ። አስር ሰዓት አልሞላም ነበር።

ሲሞን ያነሣውን ብርጭቆ መልሶ አስቀመጠ።

«መቶ አለቃ፣ ተሳስተው ቢሆን ኖሮስ?»

«ወረቀቱ ለእርስዎም ልክ ይሆን ነበር» አለችና ቆቧን አጠለቀች።

ለተጊዮርጊስ ከአሮጌው ጠርሙስ የቀረውን አተላ በሬሳው እግር ሥር ደፋችው። አልሳቀችም፣ አላለቀሰችም። ባዶውን ጠርሙስ በነጠላዋ ሸፍና ከአባቷ ቤት ይዛው ወጣች።