የቢጫው ገብስ ቃለ ጉባኤ

«ጻፊ» አሏት ሊቀመንበሩ። «ወልደተንሣኤ በማኅበሩ ገብስ ላይ መርዝ ሲረጭ ተይዟል። አሻጥረኛ ነው።»

ይመኙሻል እስክሪብቶዋን አነሳች እንጂ አልጻፈችም። ስምንተኛ ክፍል ከገባች ወዲህ የገበሬ ማኅበሩን ቃለ ጉባኤ የምትይዘው እሷ ናት። ሊቀመንበሩ ጋሽ ገብረአብ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለዋል፤ ከስማቸው ሌላ ግን ማንበብ አይሆንላቸውም። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን የለም።

ጎረቤቷ ጋሽ ወልደተንሣኤ እጃቸው የፊጥኝ ታስሮ ጥግ ላይ ቆመዋል። ወረቀቱ ደብረ ብርሃን ከደረሰ እሳቸውም ወደዚያው እስር ቤት ይከተሉታል። በአሻጥር ተከሶ የሄደ ሰው መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም።

«የበተኑት አመድ ነው» አለች። «ያ ቅጠል የሚመጥ ተባይ፣ ክሽክሽ፣ ሲገባ እርስዎም ይበትናሉ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ገብሱን ምን ቢጫ አደረገው?»

«ቫይረስ የሚባል በሽታ ነው። ክሽክሹ የታመመውን ቅጠል ሲመጥ ይውጠዋል፤ ሌላውን ሲወጋ ደግሞ ከምራቁ ጋር ይተክለዋል። መምህራችን እንደሚሉት፣ በሽታውን ከሆዱ ወደ ምራቁ የሚያሳልፈው በራሱ በክሽክሹ ገላ ውስጥ ያለ ፕሮቲን ሳይሆን አይቀርም። እንደ በረኛ።»

ለጉባኤው የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳቁ። «ቅማል የማታህል ነገር ደግሞ በረኛ ቀጠረች» አሉ አንዱ።

«በረኛውን ተይና ጻፊ» አሉ ጋሽ ገብረአብ።

የማኅበሩ ገብስ ሲበላሽ የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው፤ አሻጥረኛ ከተገኘ ግን ነፃ ይወጣሉ። ይመኙሻል ይህ ሲገባት በንዴት አቀርቅራ እሳቸው ያሉትን ሳይሆን የምታውቀውን ገጹ እስኪሞላ ጻፈች።

«በይ አንብቢልን።»

ወረቀቱን እያየች ሊቀመንበሩ ያሉትን በቃሏ ብትወጣው ማን ያውቅባታል? ይፈርማሉ፤ ወረቀቱ እውነቱን ይዞ ይሄዳል፤ እሷም በሰላም ቤቷ ትገባለች። ጋሽ ወልደተንሣኤ ግን በመንደሩ ጆሮ መርዘኛ ሆነው ይቀራሉ። ቀና ብላ አየቻቸው፤ መሬት መሬቱን ያያሉ።

ብድግ አለች።

«ወልደተንሣኤ የበተኑት አመድ ነው» ብላ አነበበች። «ገብሱን ያጠቃው ክሽክሽ ያዛመተው በሽታ ነው። በሊቀመንበሩ ጓሮ ያለው ገብስም ቢጫ ሆኗል፤ እዚያ ወልደተንሣኤ አልደረሱም።»

ሽማግሌዎቹ ዞረው ሊቀመንበሩን አዩ።

«ቅደጂው» አሉ ጋሽ ገብረአብ በቀስታ።

«አልቀድም።»

ከታች ሙሉ ስሟን ጽፋ ፈረመች። ከዚያ እነሱም በጣታቸው እንዲፈርሙ የጣት ቀለሙን ወደ ሽማግሌዎቹ ገፋ አደረገችና ቆማ ጠበቀች።