ያልተቀደደው ቀሚስ

ደወሉ ሦስተኛ ጊዜ ቢደወልም ቀባሪዎቹ ሬሳውን አላነሡም። የማንቱዋ ከተማ መርማሪ ሜሰር ታዴዮ በሬሳ ሳጥኑ ዙሪያ ይንጎራደዳል።

ሳጥኑ ውስጥ ያለችው ወጣቷ እመቤት ፊያሜታ ናት፤ ቀይ የከፋይ ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯ በወርቅ መረብ ተይዞ፣ አንገቷ ላይ የዕንቁ ሐብል። ገረዷ ኖፍሪያ፣ መርዝ አብልታታለች ተብላ እጇ ታስሮ በሩ ሥር ቆማለች።

«ይፍጠኑ እንጂ!» አለ ባሏ ጉይዶ። ከአደን የተመለሰው ዛሬ ጠዋት ነው።

ታዴዮ የጥልፍ ከረጢቷን ወደታቀፈችው የጉይዶ እኅት ዞረ። «እመቤት ካሳንድራ፣ እንዴት ሞተች?»

«ስንቴ ልናገር! የዚችን ሾርባ ጠጥታ አልጋ ላይ ስትማቅቅ ውላ አመሻሽ ላይ አረፈች። ንጋት ላይ ብቻዬን አጥቤ አለበስኳት።»

«ውሸት ነው!» ኖፍሪያ ጮኸች። «እሳቸው ገበያ ሲልኩኝ እመቤቴ ደህና ነበረች። ስመለስ በሩን ዘጉብኝ!»

«በጎኗ አዙሯት፣» አለ ታዴዮ። የቀሚሱን ጀርባ ዳሰሰ፤ ጣቶቹን ከመረቡ ሥር ሰደደ፤ ሐብሉን ወደ ብርሃን ቀና አድርጎ አየ። ከዚያ ሁሉንም አጠገቡ ጠራ።

«ያደረ ሬሳ ይደርቃል፤ ክንዱ አይታጠፍም። ስለዚህ አልባሾች ቀሚሱን ከኋላ ቀድደው ያለብሳሉ። ይህ አልተቀደደም። ጠባቡ እጅጌ እስከ እጇ አንጓ ተቆልፏል። ፊያሜታ እንደለበሰች ነው የሞተችው። አልጋ ላይ የምትማቅቅ ሴት ደግሞ ከፋይ ለብሳ አትተኛም። የራስ ቅሏም ከኋላ ተሰብሯል፤ መርዝ አጥንት አይሰብርም።»

«ታዲያ ማን?» አለ ጉይዶ።

«ሐብሉ በነጭ ክር ነው የተሰካው። የተበጠሰው ቦታ ላይ ግን በአረንጓዴ የጥልፍ ሐር ተቀጥሏል። እመቤቴ፣ ከረጢትዎን ይክፈቱት።»

ካሳንድራ ከረጢቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው። «የእናቴ ሐብል ነው! ለእኔ ነበር የሚገባው፤ ጉይዶ፣ አንተ ግን ለእሷ አጠለቅክላት! ደረጃው ላይ ሐብሉን ብቻ ነው የሳብኩት። ተበጠሰ። እሷ ወደቀች።»

«ይቺን ድሃ ደግሞ ለስቅላት ገመድ ልትዳርጊያት ነበር፣» አለ ጉይዶ።

ካሳንድራን ወሰዷት፤ ኖፍሪያ ተፈታች። ጉይዶ ግን ልቡ አላረፈለትም።

«በሥራ ቀን ይህን የሠርግ ቀሚሷን ለምን ለበሰች?»

ኖፍሪያ አንገቷን ደፋች። «ትናንት እመጣለሁ ብለው መልእክት ልከውላት ነበር እኮ፣ ጌታዬ። ከጠዋት ጀምሮ ለብሳ በመስኮት መንገዱን ስታይ ነበር።»

ጉይዶ ትናንት አንድ ከርከሮ አምልጦት፣ እሱን ሲያሳድድ ጫካ አድሮ ነበር። ሳጥኑን ይዞ ተንበረከከ።

ቀባሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንሡ የሚላቸው ጠፋ።