በሸክመኛው ልክ

ተናድጄ ነው የምጽፈው። ረጋ ብዬ እንድናገር የሚጠብቅ ካለ ይቅርታ ያድርግልኝ።

ታናሽ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። አጭርና ቀጭን ስለሆነች "ነፋስ እንዳይወስድሽ" እያልን እንቀልድባት ነበር፤ ክብደቷ አርባ ሁለት ኪሎ ነው። አምና ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት፣ ሲመሽ እግሯ ያብጥ ጀመር። ይዣት ወደ ልብ ክሊኒክ ሄድኩ።

የልብ አልትራሳውንድ የሚያነሳው ሰው እጀ ፈጣን ነው ይባላል። ማሽኑ ላይ ጾታ፣ ቁመትና ክብደት የሚሞላበት ቦታ አለ። ሚዛኑ ግን የሚገኘው ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ክፍል ነው፤ ወረፋው ደግሞ ረጅም ነው። ስለዚህ እዚያ ቤት አንድ ልማድ አለ፦ ስምና ዕድሜ ይቀየራል፣ ሌላው ቀድሞ በገባው በሽተኛ ቁጥር ይታለፋል። ከእህቴ በፊት የገባው ዘጠና ኪሎ የሚመዝን ግዙፍ ሸክመኛ ነበር።

"ወንድሜ፣ አትመዝናትም እንዴ?" አልኩት።

"እትዬ፣ ልብ ያው ልብ ነው! የወንድ የሴት፣ የወፍራም የቀጭን አለው ደግሞ?" ብሎ ሳቀብኝ።

ማሽኑ ልቧን በሸክመኛው ልክ መዝኖ "ጤነኛ" አለ። ሐኪሙም ቀና ብሎ ሳያያት ፈረመ።

ከዚያ በኋላ ቤቷ ውስጥ መታመም ተከለከለች። "ደህና ነሽ ተብለሻል እኮ! ለስንፍና መድኃኒት የለውም" ይላታል ባሏ። እሷም አፍራ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ሰባት ወር እንዲህ ሠርታ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች።

ሆስፒታል ያገኘናት ሐኪም ገና ከመጀመሪያው መዘነቻት፣ ቁመቷንም ለካች። የድሮውን ወረቀት ስሰጣት፣ ጥጉ ላይ "ወንድ፣ ዘጠና ኪሎ" የሚለውን አንብባ ፊቷ ጠቆረ።

"ይህ የልብ ስፋት ለግዙፍ ወንድ ደህና ነው። የሴት ልብ ባብዛኛው ከወንድ ያንሳል፤ ሰውነቷ ሲያንስ ደግሞ ልቧም አብሮ ያንሳል። የእህትሽ ልብ ያኔም ተለጥጦ ነበር። ያኔ ብንጀምር በመድኃኒት እንይዘው ነበር።"

"አሁንስ?"

"አሁን የቻልነውን እናደርጋለን።"

ወረቀቱን ይዤ ክሊኒኩ ድረስ ሄጄ የአልትራሳውንዱ ሰውዬ ፊት ወረወርኩት። የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። በማግስቱ አልጋዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

"ይቅር በይኝ፣ እህቴ።"

"እኔ ሰው ሳልለካ መቀስ አላነሳም" አለችው፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "የማበላሸው ደግሞ ጨርቅ ብቻ ነው። ነገ ስንት ሰው ታያለህ?"

"ሃያ የሚሆን።"

"ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ? ሂድና ሚዛኑን ክፍልህ አስገባ።"

አስገባው፤ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ሳይመዝን ማንንም አያስተኛም።

እናንተም ስትመረመሩ "መዝነኸኛል? ለክተኸኛል?" በሉ፤ ቢቆጣም ይቆጣ! ቤታችሁ ያለችውም ሴት ደከመኝ ስትል ከወረቀቱ ይልቅ እሷን ስሙ። እህቴ በሕይወት አለች፤ ስፌት ግን ቀርቷል፣ ሁለት ደረጃ መውጣት አትችልም። ባሏ ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ ጫማዋን ያስርላታል፤ ቀና ብሎ ዓይኗን ማየት ግን አቅቶታል።