ያልጠቆረው ግድግዳ

ልብስ ሰፊው ሞቶም ሊስል የተዘጋጀ ይመስል ነበር፤ አፉ ገርበብ ብሎ፣ አንድ እጁ ደረቱ ላይ። የጤና ተቆጣጣሪዋ በሩ ላይ ቆማ አየችው። የመጣችው ያረጀውን ቤት ልትመረምር ነበር፤ ፖሊስ ቀድሟት ደርሷል። ሽታ ስለማያልፋት ተከራዮች በሌለችበት «አፍንጮ» ይሏታል። አሁን ግን የሚሸተው ከሰልና ሻጋታ ብቻ ነው። አልደነገጠችም። እንዲህ ያለ ክፍል ስትገባ ልቧን ደጅ ትታ መግባት ከለመደች ቆይታለች።

«ከሰል ነው የገደለው» አለ ፖሊሱ። «ልጁ አቀጣጥላ ዘግታበት ሄደች። ይዣት መሄዴ ነው።»

ልጅቱ የቀዘቀዘውን ምድጃ ጭኗ ላይ አድርጋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች። ሌሊት ዳቦ ቤት ትሠራለች፤ አባቷን እንዲህ ያገኘችው ጠዋት ስትመለስ ነው።

«ሁልጊዜ ታነጂለታለሽ?»

«ክረምት ከበጋ። እርጥበቱ ያስለዋል። ከሰሉ ይጨሳል፣ ግን በቀዳዳው ይወጣል።» ከዚያ ሰዓት እንደሚጠይቅ ሰው፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት አይደል?» አለች።

ተቆጣጣሪዋ ቀና አለች። መስኮቱ በምስማር ተቸንክሯል። ከጣሪያው ሥር ያለው የሳህን አፍ የሚያህል ቀዳዳ ግን ክፍት ነው፤ ሰማይ ይታያል። ወደ ጓሮ ዞረች።

የጓሮው ግድግዳ ነጭ ኖራ ተቀብቷል። አከራይዋ ከኋላ ከኋላዋ ተከተለቻት።

«መቼ ቀባሽው?»

«ትናንት አመሻሽ ላይ፣ በገዛ እጄ። እንግዳ ይመጣል ሲባል ቤት አይጸዳም እንዴ?»

«ሻጋታውን አለበስሽው እንጂ መች አጸዳሽው!»

«ያሳበቀብኝ ሟቹ ነው፣ ነፍሱን ይማርና። ዛሬም ክፍል ለክፍል ሊያዞርሽ ነበር።»

ከግድግዳው ሥር ጡረተኛው ሹፌር በመኪና ወንበር ትራሱ ላይ ተቀምጧል። በዝግታው «አባባ ፍሬን» ይሉታል።

«አባባ፣ ማታ እዚህ ጓሮ ሰው አላዩም?»

«ኧረ ማንንም፣ ልጄ። ጭሱ እንደ ወትሮው ከልብስ ሰፊው ቀዳዳ ቦለል ቦለል ሲል አይቼ ተኛሁ።»

ግድግዳውን አየች፤ ከዚያ ትራሱን። ሁሉንም ጓሮ ጠራቻቸው።

«ከጎኑ ያለውን የአባባን ክፍል ቀዳዳ እዩ» አለች። «በአንድ ሌሊት ጭስ በላዩ ያለው ኖራ ጠቁሯል። የልብስ ሰፊው ግን እንደ ወተት ነጭ ነው። ምድጃው ነድዷል፣ ጭሱ ግን አልወጣም።»

«ቀዳዳው ክፍት ነው እኮ!» አለ ፖሊሱ።

«አሁን ነው ክፍት የሆነው። ማታ አንድ ሰው ወትፎት ነበር፤ ልጅቱ ሳትመጣ ነቀለው። ሲወትፈው ኖራው እርጥብ ነበር። ጠርዙን እዩት፣ ተፍቋል። የተፋቀው ኖራ የወተፈበት ነገር ላይ ቀርቷል።» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ያልወጣ ጭስ አየሁ ያሉት እርስዎ ነዎት። እስቲ ትራስዎን ይገልብጡልኝ፣ አባባ።»

ሽማግሌው አልተነሳም። ፖሊሱ ብብቱን ይዞ አነሳው። በትራሱ ሥር የሳህን አፍ የሚያህል ነጭ ክብ ነበር።

«ዛሬን ብቻ እንዲያመው ብዬ ነው» አለ ሽማግሌው። «ራሱን አሞት ቢተኛ አንቺ ላይ ላዩን አይተሽ ትሄጃለሽ። ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚህ ነው፤ ቤቱ ቢታሸግ ማን ያስጠጋኛል? ጠዋት ትራሴን ስነቅል ሳሉን ጠበቅኩ። አልሳለም።»

«እኔን ሲወስዱኝስ ዝም ሊሉ ነበር?» አለች ልጅቱ።

ሽማግሌው ትራሱን ሊያነሳ ጎነበሰ፤ ፖሊሱ ቀደመው።

ተቆጣጣሪዋ ከቦርሳዋ «ለመኖሪያ የማይሆን» የሚለውን ወረቀት አውጥታ በሩ ላይ ለጠፈች። አከራይዋ ጮኸች፤ ማንም አልሰማትም።

«ትራሴን ልያዘው? ወገቤን ያመኛል» አለ ሽማግሌው ሲወስዱት።

«አይቻልም፣ አባባ።»

ልጅቱ ታቅፋው የነበረውን ምድጃ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ወደ ጓሮ ተመለሰች። በከሰል የጠቆሩ እጆቿን ከአባቷ ቀዳዳ ሥር፣ ነጩ ግድግዳ ላይ፣ ቀስ ብላ ጠረገች። የከለከላት የለም።