ነጥቶ የወጣው ፎቶ

ዶክተር ሔሩይ ሌሊት በኮከብ ማያ ቤቱ የብረት ደረጃ ግርጌ አንገታቸው ተሰብሮ ተገኙ። ኢንስፔክተር ኣምለሰት ከሓወልቲ ሰፈር በላይ ያለውን ኮረብታ ወጥታ ስትደርስ አስከሬኑ ተነስቶ፣ ወንጀለኛውም ተገኝቶ ጠበቃት። ቢያንስ የፖሊስ ጣቢያው ሰዎች እንደዚያ ነበር ያሉት። ዘበኛው ኣቦይ ተኽለ የእጅ ባትሪያቸውን እንዳበሩ ከሬሳው አጠገብ ተይዘዋል። ዶክተሩ ከሁለት ቀን በፊት «አጥፋ ይህን ባትሪ!» ብለው በሰው ፊት ጮኸውባቸው ነበር። ሽማግሌው ቂም ይዘው ባትሪውን ዓይናቸው ላይ ቢያበሩባቸው ሰውየው ከላይኛው መድረክ ወደቁ፤ አለቀ። ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ሊያቀርቧቸው ነው። ኣምለሰት ግን እንዲህ በልክ ተሰፍቶ የሚቀርብላት ነገር አይዋጥላትም።

ኣቦይ ተኽለ እጃቸው ታስሮ በፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ጓለይ፣ ልጄ፣» አሏት በመስኮቱ፣ «ድምፅ ሰምቼ መጣሁ እንጂ ምን አደረግሁ? ሚስቴ አልጋ ላይ ናት። እኔ ከታሰርኩ ውሃ እንኳ ማን ያቀብላታል?»

«ባትሪው በርቶ ነበር፣ ኣቦይ?»

«ሬሳው ጋ ስደርስ ነው ያበራሁት። ዶክተሩ ከተቆጡኝ ወዲህ እዚህ ግቢ የምሄደው በዳበሳ ነው። ለዚያ ነው የዘገየሁት፤ ሓቀይ፣ እውነቴን ነው።»

ወደ ላይ ወጣች። ከቴሌስኮፑ መድረክ ወደ ደረጃው በሚያስወርደው ክፍተት የሚታሰረው ሰንሰለት ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ላይ ያለው አምፖል በቀይ ላስቲክ ተሸፍኗል፤ ጨለማ የለመደ ዓይን በነጭ መብራት ስለሚታወር፣ እዚህ ቤት የሚፈቀደው ቀይ ብቻ ነው። ኣምለሰት ጠጋ ብላ አየች። ላስቲኩን የያዘው ፕላስተር አንደኛው ጫፍ በአቧራ ጠቁሯል፤ ሌላኛው አዲስ ነው። ወረደች።

ከታች ባለው ክፍል የዶክተሩ ረዳት ዳግማዊት ዓይኗ አብጦ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣለች።

«ምን ነበር የምታዩት?»

«ጥንድ ኮከብ። አንደኛው አይታይም። ጓደኛውን እየላጠ ይበላዋል፤ ሲበላ የሚረጨውን ኤክስሬይ የሚያየው ሳተላይት ነው። እኛ ከዚህ የምናየው የሚበላውን ብቻ ነው፤ ብርሃኑ ሲዋዥቅ እንለካለን።»

ኣምለሰትን ቀፈፋት። «ትናንት ለምን አስፈለገ?»

ዳግማዊት ወደ በሩ ሰረቅ አድርጋ አየች። «ባልደረባችን ሚልኪያስ አምና ስለዚህ ኮከብ ያሳተመው ልኬት አለ፤ የተሸለመበት። ዶክተር ሔሩይ ‹የፈጠራ ቁጥር ነው› ብለው ሊደግሙት ነበር። ውሸት ከሆነ አጋልጣለሁ ብለው ነበር።»

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። እያንዳንዱን ፎቶ በእጄ ካላስጀመርኩት ካሜራው አያነሳም፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ ለደቂቃዎች ክፍት ሆኖ ብርሃን ይሰበስባል። የማራገቢያው ጩኸት ደግሞ ሌላ ድምፅ አያሰማም።» ፎቶዎቹን በተርታ አሳየቻት። ሳይቋረጡ የተከታተሉ ናቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ነጥቷል። «ይቺ ተበላሽታለች። ሚልኪያስ ውጭ በረንዳ ላይ ሰማዩን እየጠበቀ ነበር። በመገናኛ ሬዲዮ ‹ደመና ገብቷል፣ ጣያት› አለኝ። እኔ ደግሞ ፎቶ መጣል አይሆንልኝም።»

«ደመና ሲገባ ኮከቦቹ ምን ይሆናሉ?»

«ሁሉም አብረው ይደበዝዛሉ። አንድን ኮከብ ብቻውን የማንለካውም ለዚሁ ነው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር እናስተያየዋለን።»

«እስቲ እነዚህን ጎረቤቶች ለኪልኝ።»

ዳግማዊት ለካች። ፊቷ ቀስ በቀስ አመድ መሰለ።

ሚልኪያስ በረንዳው ላይ ነበር፤ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ አንደበቱ የተባ ሰው።

«ጣትዎን ምን ነካው?»

«ሻይ ሳፈላ ተቃጥዬ ነው።»

«ትናንት ደመና ነበር አሉ?»

«ገባ፣ ወዲያው ደግሞ ወጣ። ምነው፣ ደመናም ይከሰሳል እንዴ?»

«ምስክር ግን ይሆናል፣» አለች ኣምለሰት።

የፍርድ ቤቱ ሰዓት ሳይደርስ ሁሉንም መድረኩ ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ኣቦይ ተኽለንም ከነካቴናቸው። ጣሪያው ስለተዘጋ ቀኑ ውጭ ቀርቷል። በቀዩ መብራት የሁሉም ፊት ጥሬ ሥጋ መስሏል።

«ትናንት ደመና አልነበረም፣» ብላ ጀመረች። «ደመና ቢገባ ኮከቦቹ በደበዘዙ ነበር። አንዳቸውም አልደበዘዙም። የነጣው ዙሪያቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ የመጣው ከውስጥ፣ ከዚሁ ክፍል ነው።»

«ታዲያ የዘበኛው ባትሪ ነዋ!» አለ ሚልኪያስ።

«ባትሪ የያዘ ሰው ይህን ላስቲክ ምን ያስልጠዋል?» አምፖሉን አሳየች። «ተልጦ በአዲስ ፕላስተር ተመልሷል። የሚያቃጥል አምፖል ነው፤ ጣት ይልጣል። ኣቦይ ተኽለ እጃቸው ደህና ነው። ዳግማዊት ፎቶዎቹን ሳታቋርጥ ስታስጀምር ነበር። አንድ ሰው ይቀራል።»

ሁሉም ወደ ሚልኪያስ ዞሩ። ኣምለሰት ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» ወረደች።

«ሰንሰለቱን ፈታህ። ላስቲኩን ልጠህ ነጩን ብርሃን ዓይናቸው ላይ ለቀቅህባቸው። እሳቸውም ታውረው ወደ ክፍተቱ ረገጡ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ሰውየው ታች ወድቆ እያቃሰተ፣ ሰው እየመጣ፣ ከመሸሽ ይልቅ ቆመህ ጣትህን እያቃጠልክ ቀዩን የመለስከው ለምንድን ነው?»

«ካሜራው ክፍት ነበራ!» አለ ሚልኪያስ።

ያለውን የሰማው ከተናገረው በኋላ ነው። የተቃጠለ ጣቱን በሌላ እጁ ጨበጠው። ዳግማዊት በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

«ለሰውየው ያልሳሳህ ለፎቶው ሳሳህ፣» አለች ኣምለሰት። አስጠላት፤ ማስጠላቷንም አልደበቀችም።

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወጥቶ ወደ ሚልኪያስ እጅ ተዛወረ። ኣቦይ ተኽለ የቆሰለ አንጓቸውን እያሻሹ ወደ ደረጃው አመሩ፤ ሚስታቸው ከትናንት ጀምሮ ብቻዋን ናት። ዳግማዊት ባትሪያቸውን ይዛ ተከተለቻቸው።

«ኣቦይ ተኽለ፣ ጨለማ ነው፤ ያብሩት።»

ሽማግሌው ባትሪውን ተቀበሉ። ወደ መድረኩ ቀና ብለው አዩና ኪሳቸው ከተቱት።

«የለም ጓለይ፣» አሉ፣ «ዶክተር ይቆጣሉ።»

ብረቱን በእጃቸው እየዳበሱ ወረዱ።